ፀጉራችንን ቆርጣችሁ የት ገባችሁ?

በአዳማ፣ በሞጆ፣ በቆቃ፣ በመቂና በባቱ ዙሪያ ከነፍሰ ጡር እናቶች ናሙና እየወሰዳችሁ ለምታጠኑ ተመራማሪዎች፣ ጥናቱንም ለምትፈቅዱ የጤና ኃላፊዎች፦

ይህን ደብዳቤ የምጽፈው ተቆጥቼ ነው፤ አስቀድሜ ብናገረው ይሻላል።

ባለፈው ማክሰኞ የእህቴን ልጅ ይዤ ለእርግዝና ክትትል ሄጄ ነበር። ሁለተኛ ልጇ ነው፤ አምስተኛ ወሯን ይዛለች። አግዳሚው ላይ ተራ ስንጠብቅ ነጭ ጋውን የለበሰ ትሑት ወጣት መጣና ስለ አንድ ጥናት ያስረዳን ጀመር። ከማጅራቷ በላይ ትንሽ ፀጉር፣ ከክንዷ ጥቂት ደም ይወሰዳል። ሜርኩሪና ሌሎች ብረቶች በእናትና በጽንስ ላይ ስለሚያደርሱት ጉዳት የሚያጠና ነው። ባትፈቅድም ከሕክምናዋ የሚቀርባት የለም። ልጅቱ ሰምታ ስታበቃ የክትትል ካርዷን ከፈተችና ለአራት የታጠፈ ወረቀት አወጣች። ከአራት ዓመት በፊት፣ የመጀመሪያዋን አርግዛ፣ እዚያው አግዳሚ ላይ የፈረመችው ነው። ቁጥር አለው። «የዚህኛውስ ውጤት?» አለችው። ገለጥ አድርጎ አየውና «እሱ የሌላ ፕሮጀክት ነው» አላት።

የሌላ ፕሮጀክት! ፀጉሩ ግን የሌላ ሰው ነበር? ደሙ የሌላ ሰው ነበር? ማሕፀኗ ውስጥ የነበረው ልጅስ የማን ነበር?

ያ ልጅ ዛሬ ሦስት ዓመት ከመንፈቅ ሆኖታል። አፉን የፈታው ዘግይቶ ነው። ሐኪሙ ልጅ ከልጅ ይለያያል፣ አትጨነቁ ብሎናል፤ ደግ ቃል ነው፣ ተቀብለነዋል። ነገሩ ከሜርኩሪ የመጣ ነው አልልም። እንዲህ ለማለት ማስረጃ ያስፈልጋል፤ ማስረጃው ያለው እናንተ ዘንድ ነው። ባሏ ቆቃ ላይ መረብ ይጥላል። ገበያ ያልወሰደው ዓሣ ቤት ይገባል፤ ዘጠኙን ወር ሙሉ ስትበላው የኖረችው እሱን ነው። አንዳንድ ማታ ትደውልልኝና «እትዬ፣ ከኔ ይሆን እንዴ?» ትለኛለች። ምን ብዬ ልመልስላት? መልሱን ቁጥር ሰጥታችሁ፣ በላስቲክ ከረጢት አሽጋችሁ ወስዳችሁታል።

እኛ አገር አደራ የሚባል ነገር አለ። ይህን ለእናንተ ማስረዳት የለብኝም፤ ሁላችሁም ጎረቤት ቁልፉን በአደራ ትቶ በሚሄድበት ቤት ያደጋችሁ ናችሁ። ከሰው ገላ የተቆረጠ ፀጉር ከቁልፍ ያንሳል? ከእርጉዝ ሴት የተቀዳ ደምስ? አደራ በላ የሚለውን ቃል ለናንተ ልጽፈው አልፈልግም። ሦስት ጊዜ ጽፌ ሦስት ጊዜ ሰርዤዋለሁ።

ፀጉር ምን እንደሚናገር ከኔ ይልቅ እናንተ ታውቃላችሁ። በወር አንድ ሴንቲ ሜትር ገደማ ያድጋል፤ በዚያ ወር በደም ውስጥ የዞረውን ሜርኩሪ ይዞ ይወጣል። ከወለደች ሴት ራስ የተቆረጠ ዘጠኝ ሴንቲ ሜትር ፀጉር እንግዲህ የዘጠኝ ወር መዝገብ ነው። አባቶቻችን ባዜቃ የሚሉት ይህ ብረት ውሃ ውስጥ ሲገባ ረቂቅ ተሕዋስያን ወደ ሜቲል ሜርኩሪ ይለውጡታል። ከዚያ ከደቂቅ ወደ ትንሽ ዓሣ፣ ከትንሹ ወደ ትልቁ እየተጠራቀመ ይወጣል። እናት ስትበላው የእንግዴ ልጁን አልፎ ይሄዳል፤ በእትብት ደም ውስጥ ከእናቲቱ ደም ይልቅ ከፍ ብሎ ይገኛል። እናት ሳያማት ልጅ የሚጎዳው ለዚህ ነው።

ኢራቅ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1971 መጨረሻና በ1972 የሆነውን በትምህርታችሁ አንብባችሁታል። ለዘር የመጣ፣ በሜርኩሪ የታሸ ስንዴ ለገበሬው ታደለ፤ ሕዝቡ ፈጭቶ ጋግሮ በላው። 6,530 ሰው ሆስፒታል ገባ፣ 459ኙ እዚያው ሞተ። በኋላ ተመራማሪዎች ከእናቶች ፀጉር ላይ በእርግዝናቸው ወራት የገባባቸውን መጠን አነበቡ። ሁሌ የማይወጣልኝ ግን ሌላ ነገር ነው። ጆንያው ላይ ማስጠንቀቂያ ነበረበት። የተጻፈው በስፓኒሽና በእንግሊዝኛ ነበር።

እስቲ ልባችሁን ጠይቁት፤ የናንተስ ጥናት የሚታተመው በምን ቋንቋ ነው? የቆቃ ዓሣ አጥማጅ ሚስት ታነበዋለች? ፊርማዋን ስትፈልጉ በአማርኛም በኦሮምኛም አስረዳችኋት፤ ቃሉን አጣፍጣችሁ፣ ቁጭ ብላችሁ፣ እህቴ እያላችሁ። ውጤቱ ሲመጣ ቋንቋው የት ጠፋ?

ስለ ሚናማታ ዝም ብል ደግሞ ደብዳቤዬ ጎዶሎ ይሆናል። በዚያች የጃፓን ከተማ የቺሶ ፋብሪካ ሜርኩሪ ያለበትን ፍሳሽ ወደ ባሕር ይለቅ ነበር። ያ ፍሳሽ ያመጣው በሽታ በይፋ የተመዘገበው እ.ኤ.አ. ግንቦት 1 ቀን 1956 ነው፤ ያስመዘገበውም የፋብሪካው የራሱ ሆስፒታል ዳይሬክተር ዶክተር ሆሶካዋ ሐጂሜ ነበር። በ1959 የፋብሪካውን ፍሳሽ ለድመት አብልቶ ድመቷ ስትታመም አየ። ኩባንያው ውጤቱን እንዳያወጣ ከለከለው። ውጤቱ መሳቢያ ውስጥ ተኛ፤ ፋብሪካው እስከ 1968 ፍሳሹን መልቀቁን ቀጠለ። በእነዚያ ዓመታት ስንት እናት አረገዘች? ዶክተሩ እውነቱን በቃል የመሰከረው በ1970 ሆስፒታል አልጋ ላይ ተኝቶ ነው፤ በዚያው ዓመት ሞተ። እናንተን ከኩባንያው ጋር አንድ አላደርግም። ግን መሳቢያ መሳቢያ ነው። ውጤቱ በክፋት ተቆለፈበትም፣ በቸልታ ተረሳበትም፣ ውጭ ለምትጠብቀው እናት ልዩነቱ ምንድን ነው?

በኋላ ዶክተር ሐራዳ ማሳዙሚ የተባሉ ሐኪም በማሕፀን ሳሉ የተመረዙትን ልጆች ጉዳይ ሲከታተሉ አንድ ነገር ረዳቸው። የጃፓን እናቶች የልጃቸውን እትብት አድርቀው በትንሽ ሣጥን ያኖራሉ። ከዚያ ከደረቀ እትብት ላይ ሜርኩሪው ተለካ። የኛ እናቶች እትብትን ይቀብራሉ፤ እትብቴ የተቀበረበት አገር የምንለው ከዚያ ነው። የኛ ልጆች እንግዲህ ሣጥን የላቸውም። ያላቸው መዝገብ እናንተ የወሰዳችሁት ብቻ ነው።

የስምጥ ሸለቆ ሰው ጥናት አይጠላም። የሆላንዱ ኤች ቪ ኤ የወንጂን ስኳር ፋብሪካ እ.ኤ.አ. በ1954 ሥራ ካስጀመረ ወዲህ ፍሎራይድ የበዛበት የጉድጓድ ውሃ ስንቱን ሠራተኛ ወገቡን እንዳሰረው እናውቃለን። ፕሮፌሰር ረዳ ተክለሃይማኖትና ባልደረቦቻቸው በ1987 ባሳተሙት ጥናት ጉዳዩን ለዓለም አሳወቁ፤ እስከ ዛሬ ስማቸውን በክብር እናነሣለን። ፍሎራይድ ግን ቢያንስ ጥርስ ላይ ይጻፋል። ቡናማ ጥርስ ያየ ወላጅ ማንም ሳይነግረው ውሃውን ይጠረጥራል። ሜርኩሪ እንዲህ ያለ ምልክት የለውም። ከናንተ በቀር የሚያየው የለም፤ ስለዚህ ዝምታችሁ ከሌላው ዝምታ ይከብዳል።

ለመናገርም እኮ ከባድ አልነበረም። ዶክተር ዘሪሁን ደስታና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ2006 የሐዋሳን ሐይቅ አጥንተው፣ ዓሣ የሚበላ ቢልጫ ሌላ ነገር ከሚበላው ቢልጫ እጅግ የበለጠ ሜርኩሪ እንደሚይዝ አሳዩ። በቀጣዩ ዓመት ደግሞ አምባዛ ከተጠበቀው ያነሰ እንደተገኘበት አሳተሙ። ቆሮሶ የውሃ ዕፅዋትና ደቃቅ ነገር ስለሚበላ የሚይዘው ትንሽ ነው። አያችሁ? በሦስት የዓሣ ስም የሚያልቅ ወሬ ነው! ዓሣ ተዪ የሚላት የለም፤ ዓሣ ለጽንሱም ጥሩ ምግብ ነው። የትኛውን ብትመርጥ እንደሚሻላት ግን ማን ነገራት? ይህን እኔ ያወቅሁት ጡረታ የወጣሁ አስተማሪ ሆኜ፣ የሰው ኮምፒውተር ተውሼ፣ መዝገበ ቃላት ይዤ ነው። ክትትል ክፍሉ ውስጥ ግድግዳው ላይ አላየሁትም።

በፋሮ ደሴቶች እ.ኤ.አ. ከ1986 ጀምሮ አንድ ሺህ ያህል ሕፃናት ከእትብታቸው ደም አንሥቶ ተጠኑ። ውጤቱ በ1997 ወጣ። በማግስቱ ዓመት የደሴቶቹ ጤና ባለሥልጣናት ለሴቶች ሜርኩሪ ያለበትን የዓሣ ነባሪ ሥጋ ነገር በግልጽ ነገሯቸው። ሴቶቹም ሰሙ፤ በደማቸው ያለው መጠን ቀነሰ። ሰው ሲነገረው ይሰማል።

የተከበራችሁ የጤና ኃላፊዎች፣ የክትትል ካርዱን አገላብጬ አይቼዋለሁ። የደም ዓይነት፣ የደም ማነስ፣ ኤች አይ ቪ፣ ቂጥኝ፣ የጉበት ቫይረስ፣ ሽንት፣ የደም ግፊት። ሁሉም ሕይወት አድኗል፤ አመሰግናለሁ። ምን ትበያለሽ፣ ከየትኛው ውሃ ትጠጫለሽ፣ ፊትሽን በምን ክሬም ትቀቢያለሽ የሚል መስመር ግን የለውም። በክሬም በኩል የሚመጣ ሜርኩሪ እንዳለ እኮ ዓለም ካወቀ ቆየ፤ ናይሮቢ ውስጥ የኩላሊት ሕመምተኞች በፊት ማቅያ ክሬም ሳቢያ መታመማቸው እ.ኤ.አ. በ1972 ታትሟል። ጥናቱ ሲመጣ ማኅተም የምታሳርፉት እናንተ ናችሁ። ሲያልቅ «ለእናቶቹ ምን ነገራችሁ?» ብላችሁ ጠይቃችሁ ታውቃላችሁ? የሄልሲንኪው የሕክምና ምርምር መግለጫ እንኳ የተጠናው ሰው አጠቃላይ ውጤቱን የማወቅ ዕድል ይሰጠው ይላል። እኛ ግን ሄልሲንኪ ድረስ መሄድ ነበረብን?

ሠላሳ አንድ ዓመት ኬሚስትሪ አስተምሬአለሁ። ከናንተ መካከል ጠመኔ ይዤ የፔሪዮዲክ ሠንጠረዥን ያሳየኋችሁ አላችሁ፤ 80ኛው ላይ ሜርኩሪን ስንደርስ ዓይናችሁ ሲበራ አስታውሳለሁ። ፈትኜ ወረቀት ሳልመልስ የቀረሁበት ሴሚስተር የለም። ታምሜ ተኝቼ እንኳ በልጄ እጅ ልኬአለሁ፤ ልጅ ያገኘውን ሳያውቅ እንዳያድር ብዬ። ይህን ከኔ አልተማራችሁም? የሚያመኝ ይህ ነው።

የእህቴ ልጅ ማክሰኞ ዕለት ለአዲሱም ጥናት ፈረመች። እኔ አትፈርሚ አልኳት፤ እሷ ግን «ምናልባት የዚህኛው ልጅ ይነገረኝ ይሆናል» ብላ ፀጉሯን ፈታችለት። አሁን ካርዷ ውስጥ ሁለት የታጠፉ ወረቀቶች፣ ሁለት ቁጥሮች አሉ። ቀጣዩ ቀጠሮዋ በወሩ መጨረሻ ነው። ሁለቱንም ይዛ ትመጣለች፤ እኔም አብሬያት እመጣለሁ።

አክባሪያችሁ፣
ከአዳማ