መብራት በጠፋ ጊዜ፤ ስለ በረዶና ስለ ከሰል

ልጆቻቸው በባዕድ አገር የሚኖሩባቸው እናቶች፣ በዚያ አገር በረዶ መጣሉንና መብራት መጥፋቱን በስልክ በሰሙ ጊዜ፣ «ከሰል አቀጣጥላችሁ ሙቁ» ማለታቸው የተለመደ ነው። ምክሩ ከእናት አንጀት የወጣ መሆኑን አንጠራጠርም። ዳሩ ግን አደገኛ ስለ ሆነ፣ ዛሬ በዚሁ ነገር ጥቂት ልንል ወደናል።

በየካቲት ወር 2013 ዓ.ም. በአሜሪካ በቴክሳስ ግዛት የሆነው ምስክር ይሁነን። ቴክሳስ በሙቀቷ የታወቀች፣ ብዙ የአገራችን ሰዎችም በዳላስና በሂውስተን ከተሞች የሚኖሩባት ናት። በዚያ ሳምንት ግን በዳላስ ብርዱ ከዜሮ በታች 19 ዲግሪ ደረሰ። የኤሌክትሪክ ማመንጫዎቹና የጋዝ መሥመሮቹ ለእንዲህ ያለ ብርድ ስላልተሰናዱ ብዙዎቹ ሥራ አቆሙ፤ የግዛቲቱ መሥመርም ከጎረቤቶቿ ጋር እምብዛም ስላልተያያዘ በቂ ኃይል መበደር አልተቻለም። ከ4 ሚሊዮን በላይ ቤቶችና ድርጅቶችን ጨለማ ዋጣቸው። የግዛቲቱ የጤና መሥሪያ ቤት በኋላ ባወጣው ቁጥር 246 ሰዎች ሞተዋል። አብዛኞቹን ብርዱ ሲገድላቸው፣ 19ኙ ግን የሞቱት ካርቦን ሞኖክሳይድ በሚባለው መርዛም አየር ነው። በዚህ መርዝ ካለቁት መካከል የአገራችን ሰዎችም ነበሩበት።

ይህ አየር ሽታም መልክም የለውም። ብዙ ሰዎች ከሰሉ ፍም ከሆነና ጭሱ ካለቀ አይጎዳም ብለው ያምናሉ፤ ነገር ግን መርዙ የሚወጣው ከቀላው ፍም ጭምር ነው። በአገራችንም ከሰል ከመኝታ ክፍል አስገብተው ያደሩ ሰዎች ሳይነሡ የቀሩበት ሌሊት ጥቂት አይደለም። የዚያ አገር ቤት ደግሞ ብርድ እንዳይገባ ተብሎ የተደፈነ ነው። ስለዚህ ከሰል ለቡናም ቢሆን ወደ ቤት አይግባ። (ቅር የሚለው ሰው እንዳለ እናውቃለን፤ ቡናው ይቆይ።) መኪናም ከቤቱ ጋር በተያያዘው ማሳደሪያ ውስጥ፣ በሩ ቢከፈት እንኳ፣ አይነሣ። ጄኔሬተር ከደጅ፣ ከመስኮት ርቆ ይቀመጥ።

ታዲያ በምን ይሞቃሉ? ቤተ ሰቡ ሁሉ በአንዲት ጠባብ ክፍል ይሰብሰብ፤ በመስኮቱ ብርድ ልብስ ይሰቀል፤ የበሩ ሥር በጨርቅ ይደፈን፤ ሕፃናቱ በመካከል ሆነው ጋቢ ይደረብላቸው። ማቀዝቀዣው ካልተከፈተ ምግቡን 4 ሰዓት ያህል፣ የሞላ የበረዶ ክፍሉ እስከ 48 ሰዓት ይጠብቃል። ቧንቧው እንዳይፈነዳ ውኃው በቀጭኑ ይንጠብጠብ። ከአገር ቤት የተላከው በሶና ቆሎ እሳት የማይሻ በመሆኑ፣ ዋጋው የሚታወቀው በዚህ ቀን ነው።

በቤቱ ያሉት ሁሉ ባንድ ጊዜ ራሳቸውን ካመማቸው፣ ካዞራቸውና ካቅለሸለሻቸው፣ ብርድ ነው ብለው ሳይተኙ ወዲያው ወደ ደጅ ይውጡ፤ እርዳታም ይጥሩ። መርዙን የሚያስታውቅ በባትሪ የሚሠራ ደወል በየሱቁ ይሸጣል።

ስልካቸውም መብራት እስኪመለስ የሚሞላበት ስለሌለው፣ እናቶች ሆይ፣ ይህን ነግራችሁ ቶሎ ዝጉላቸው።