የጥርስ ሕክምናው ዓይነ ስውራንንም ያስብ!

የጥርስ መበስበስ ሲጀምር አያምም፤ ነጭ ወይም ቡናማ ነጥብ ሆኖ ብቻ ይታያል። ያንን በመስታወት ያየ ሰው ቶሎ ሐኪም ዘንድ ቢሄድ ጥርሱን አትርፎ ይመለሳል። ዓይነ ስውሩ ግን ብዙውን ጊዜ የሚያውቀው ሕመሙ እንቅልፍ ሲነሳው ነው። ያኔ ብዙ ጊዜ የሚቀረው ማስነቀል ብቻ ይሆናል። የስኳር ሕመም ዓይንንም ድድንም ስለሚጎዳ፣ በዚሁ ሕመም ብርሃናቸውን ላጡ ወገኖች ነገሩ ይብሳል።

በ1998 ዓ.ም. ገደማ የተካሄደው አገር አቀፍ ጥናት ከሕዝባችን 1.6 በመቶው ዓይነ ስውር፣ 3.7 በመቶው ደግሞ ዕይታው የደከመ መሆኑን አሳይቷል። እነዚህ ወገኖች ክሊኒክ ሲደርሱ ምን ይገጥማቸዋል? ቀጠሮው በወረቀት ነው፤ ጥርስ ከተነቀለ በኋላ የሚደረገው ጥንቃቄም እንዲሁ። «ምኑን ነው ያመመው?» ተብሎ የሚጠየቀው አብሮ የመጣው ሰው ነው። ወንበሩ በድንገት ወደ ኋላ ይጋደማል፣ የማደንዘዣው መርፌ ሳይነገር ድድ ውስጥ ይገባል። እንዲህ የደነገጠ ሰው ዳግመኛ ባይመጣ አይፈረድበትም።

መፍትሔው ውድ መሣሪያ አይጠይቅም። ሐኪሙ ከመንካቱ በፊት ይናገር። ትንሿን የአፍ መስታወት ታካሚው በጣቱ ይዳስሳት፤ የመቦርቦሪያውን ድምፅ መሣሪያው አፉ ውስጥ ከመግባቱ በፊት ይስማ። የጥርስ አቦራረሽንም እጁን ይዞ በማሳየት፣ ምላሱን በጥርሱ ላይ እያሳለፈ ለስላሳውን ከሻካራው እንዲለይ በማድረግ ያስተምረው። የጥንቃቄው ምክር በስልኩ በድምፅ ቢቀረጽለት ቤቱ ሆኖ ደጋግሞ ያዳምጠዋል። ይህ ሁሉ የሚጠይቀው ጥቂት ተጨማሪ ደቂቃዎችን ነው።

ኢትዮጵያ በ2002 ዓ.ም. ያጸደቀችው የተባበሩት መንግሥታት የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት በአንቀጽ 25 የጤና ባለሙያዎች ለአካል ጉዳተኞች ከሌላው እኩል ጥራት ያለው አገልግሎት፣ በራሳቸው በታካሚዎቹ ፈቃድ ላይ ተመሥርተው እንዲሰጡ ያስገድዳል። ፈቃዱ ከታካሚው እንጂ ከአጃቢው አይጠየቅም። ስለዚህ ዝግጅት ክፍላችን ጤና ሚኒስቴርና የጥርስ ሐኪሞችን የሚያስተምሩ ዩኒቨርሲቲዎች ይህንን አሠራር በሥልጠናቸው እንዲያካትቱ፣ ሥልጠናውን ሲያዘጋጁም የኢትዮጵያ ዓይነ ስውራን ብሔራዊ ማኅበርን እንዲያማክሩ ይጠይቃል። ክሊኒኮች ደግሞ መመሪያ እስኪወርድ አይጠብቁ፤ ከነገ ጀምሮ ዓይነ ስውሩን ታካሚ ራሱን ያነጋግሩት።