ካርታው ስለ ግድግዳው አይናገርም፦ የቤት ሽያጭና የደላሎች ኃላፊነት በላስታ

በላስታ ደጋዎች የአርሶ አደሩ እጅ ገንዘብ የሚይዘው ምርቱ ተወቅቶ፣ ከብቱም ተሸጦ በበጋ ወራት ነው። ልጆቹን ለማስተማር ወይም ለእርጅናው ማረፊያ እንዲሆነው በላሊበላ ቤት የሚፈልግ ገበሬም ወደ ደላላ የሚሄደው በዚሁ ወቅት ነው። በጋ ግን ቤት ጉድለቱን የሚሸሽግበት ጊዜ ነው። የተበሳ ጣሪያ አያፈስም፤ እርጥበት የጠጣ ግድግዳ ደርቆ በቀለም ይሸፈናል፤ ጎርፍ የሚያቋርጠው ግቢም ደህና ሜዳ ይመስላል። ገዢው እውነቱን የሚረዳው ክረምት ሲገባ፣ ገንዘቡ ከእጁ ከወጣ በኋላ ነው።

ገዢዎች አጥብቀው የሚጠይቁት ስለ ካርታ፣ ስለ ግብርና ስለ ዕዳ ነው። ጥያቄው ተገቢ ቢሆንም በቂ አይደለም። በሕገ መንግሥቱ መሠረት መሬት አይሸጥም፤ የሚሸጠው በይዞታው ላይ የቆመው ቤት ነው። ስለዚህ የቤቱ ጤንነት የዋጋው መሠረት ሊሆን ይገባል።

ደላላው ክፍያውን የሚያገኘው ሽያጩ ሲጠናቀቅ በመሆኑ፣ ጉድለትን መናገር ገበያ ማበላሸት ሊመስለው ይችላል። በብዙ አገሮች ግን ገዢው ከመፈረሙ በፊት ገለልተኛ ባለሙያ ያዘጋጀውን የቤት ምርመራ ሪፖርት ያነባል። ደላላው ሪፖርቱን አይጽፍም፤ ባለሙያው ወደ ቤቱ እንዲገባ ያመቻቻል፣ ውጤቱንም ለሁለቱም ወገን ያደርሳል። የባለሙያውን ዋጋ ገዢው ቢከፍል፣ ምርመራው ከሻጭም ከደላላም ተጽዕኖ ነፃ ይሆናል።

ለአካባቢያችን የሚጠቅም ሪፖርት ረጅም መሆን የለበትም። በጭቃ ቤት አፈር የነካው የእንጨት ማገር በምስጥ መበላት አለመበላቱን፣ በድንጋይ ቤት ከመስኮት ማዕዘን የሚነሳ ስንጥቅ መኖሩን፣ ቤቱ በዋልካ አፈር ላይ ከቆመ መሠረቱ መንቀሳቀሱን ይመዝግብ። የቆርቆሮው ዝገት፣ የአሸንዳው ሁኔታ፣ በተዳፋት ቦታ ያለው የድጋፍ ግንብ፣ የኤሌክትሪክ መስመሩና የመጸዳጃ ጉድጓዱም ይታዩ። ባለፈው ክረምት ውኃ በየት እንደገባ ሻጩ ተጠይቆ መልሱ ይጻፍ። ከእያንዳንዱ ጉድለት ጎን የጥገናው ግምት ቢሰፍር ድርድሩ በወሬ ሳይሆን በቁጥር ይሆናል።

ሕጉም ይህን አሠራር ይደግፋል። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ የቤት ሽያጭ በጽሑፍ እንዲሆን ያዝዛል፤ ሻጩንም ለተሰወረ ጉድለት ኃላፊ ያደርጋል። ገዢው እያወቀ ለተቀበለው ጉድለት ግን ሻጩ አይጠየቅም። ስለዚህ ከውሉ ጋር የተያያዘ ሪፖርት ሐቀኛውን ሻጭ ከኋላ ክስ ይጠብቃል፤ ገዢውም ያልተነገረውን ለይቶ እንዲያሳይ ይረዳዋል።

አሠራሩ ለላሊበላ ባዕድ አይደለም። ጣሊያናዊው አርክቴክት ሳንድሮ አንጀሊኒ እ.ኤ.አ. በ1967 ስለ ውቅር አብያተ ክርስቲያናቱ ጉዳትና ጥገና ሪፖርት አዘጋጅተው ነበር። ለቅርሱ ከጥገና በፊት ምርመራ ካስፈለገ፣ አንድ ቤተሰብ የዕድሜ ልክ ጥሪቱን ለሚያፈስበት ቤትም ያስፈልጋል።

ለጅምሩ ትልቅ ተቋም አያሻም። በኮንስትራክሽን የሠለጠነ ባለሙያ ልምድ ካለው ግንበኛና አናጢ ጋር ቤቱን ቢያይ ብዙ ጉድለት ይገለጣል። ማንበብ ለማይችል ገዢም ሪፖርቱ በምስክሮች ፊት ይነበብለት። ጉድለቱን አስቀድሞ የሚናገር ደላላ አንድ ሽያጭ ሊያመልጠው ይችላል፤ በገበያ ቀን ስሙ በመልካም ሲነሳ ግን ሌላ ገዢ ያገኛል።