«ምንም አልጨመርንም» ባዮቹ ኤዲተሮች

እ.ኤ.አ. በሜይ 2019 የአሜሪካ የተወካዮች ምክር ቤት አፈ ጉባኤ የነበሩት ናንሲ ፔሎሲ ዋሽንግተን ውስጥ በአንድ መድረክ ላይ ንግግር አደረጉ። ብዙም ሳይቆይ ፌስቡክ ላይ የተሠራጨው ቪዲዮ ግን ምላሳቸው የተሳሰረ፣ ጠጥተው መድረክ ላይ የወጡ የሚመስሉ ሴት ያሳይ ነበር። ዋሽንግተን ፖስት ሲመረምረው የቪዲዮው ፍጥነት ከዋናው ወደ 75 በመቶ ገደማ ዝቅ ተደርጎ ተገኘ። ፍጥነት ሲቀንስ ድምፅ ስለሚወፍርና ስለሚያሳብቅ ድምፁም ሳይስተካከል አልቀረም። የሌላ ሰው አፍ አልተለጠፈባቸውም፤ ያላሉት ቃልም አልተጨመረም። አንድ ገጽ ላይ ብቻ ከ2 ሚሊዮን ጊዜ በላይ ታየ። ዩቲዩብ አወረደው። ፌስቡክ ግን ሥርጭቱን ቀንሶ እዚያው ተወው።

ዛሬ «የውሸት ቪዲዮ» ሲባል ሁሉም ጣቱን የሚቀስረው ሰው ሠራሽ አስተውሎት ላይ ነው። ከእሱ በፊት የነበሩት ሁለት ርካሽ መሣሪያዎች ተረስተዋል፦ ፍጥነት መቀየሪያውና ምስል ማቆሚያው፣ ማለትም ፍሪዝ። ሁለቱም ማንኛውም ስልክ ላይ በሚጫን የኤዲቲንግ መተግበሪያ ውስጥ በነፃ አሉ። የአገራችን የፖለቲካ ዩቲዩብና ቲክቶክ ገጾችም ያለ እነሱ የሚውሉ አይመስልም። ባለሥልጣኑ ዓይኑን እንደ ጨፈነ ይቆማል፣ ቀይ ክብ ይሰመርበታል፣ ከሥር ሐዘን የሚያወርድ ሙዚቃ ይገባል። «ይህ ነገር እንዴት ነው?» ተብለው ሲጠየቁ መልሱ አንድ ዓይነት ነው፦ «ኦሪጅናል ቪዲዮ ነው፤ ምንም አልጨመርንም።»

ጨምረዋል። የጨመሩት ጊዜ ነው።

ሒሳቡ ቀላል ነው። በሰከንድ 25 ምስል የሚቀረጽ የግማሽ ሰዓት ንግግር 45,000 ምስሎች አሉት። እያንዳንዱ ምስል የሚቆየው 40 ሚሊ ሰከንድ ብቻ ነው። ዓይኑን የሚያርገበግብና አፉን ከፍቶ የሚናገር ሰው ከእነዚህ መካከል በብዙዎቹ ላይ የሰከረ፣ ያንቀላፋ ወይም የሚያሾፍ መምሰሉ አይቀርም። ቅዱስም ቢሆን! ኤዲተሩ አንዷን ይመርጣል። ፕሪሚየር ፕሮ ላይ የፍሪዝ ክፍል አስገባ የሚለውን ትእዛዝ ሲጫን ሶፍትዌሩ በራሱ ሁለት ሰከንድ ይሰጠዋል። ሁለት ሰከንድ ማለት ያች ምስል በእውነት ከኖረችበት ጊዜ 50 እጥፍ ነው። በቦታው የተቀመጠ ማንም ሰው ያን ፊት አላየውም፤ ሊያየውም አይችልም ነበር። ታዲያ የቱ ላይ ነው ኦሪጅናልነቱ?

ጉዳዩ ደግሞ የባለሥልጣን ብቻ አይደለም። እንበል አንዲት ሴት ለቅሶ ቤት ተቀምጣ ሳለ ብዙ ዘመን ያላየቻት ዘመዷ ትገባለች። ከንፈሯ ላይ ለግማሽ ሰከንድ ፈገግታ ይመጣና ይጠፋል። እዚያ ላይ ክሊፑን አቁሞ «በሟች ቀብር የሳቀችው» ብሎ መለጠፍ ለአንድ ኤዲተር የአምስት ደቂቃ ሥራ ነው። ለሴትየዋ ግን ዕድሜ ልክ ነው። ሰፈሯን ልትለቅ ትችላለች፤ የከፋም ነገር ሊደርስባት ይችላል።

ፍጥነት መቀነስም ንጹሕ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2016 ዩጂን ካሩሶና ባልደረቦቹ ባሳተሙት ጥናት በዝግታ የቀረበ የተኩስ ቪዲዮ ያዩ ሰዎች፣ በመደበኛ ፍጥነት ካዩት ይልቅ፣ ተኳሹ ሆን ብሎ እንዳደረገው አምነዋል። ተመልካቹ ቪዲዮው ሲረዝም ሰውየው ለማሰብ የነበረውም ጊዜ የረዘመ ይመስለዋል። ይበልጥ የሚያስደነግጠው፣ ትክክለኛው ሰዓት ስክሪኑ ላይ ሲጻፍ እንኳ ይህ ስሜት ቀነሰ እንጂ አልጠፋም።

ይህን ከፖለቲካ ጋዜጠኞች ቀድሞ የተረዳው እግር ኳስ ነው። የቫር መመሪያ ስሎው ሞሽን በዋናነት እንደ ጥፋቱ ቦታ፣ ንክኪውና የኳሱ መውጣት ላሉ ፍሬ ነገሮች እንዲውል ይላል። የጥፋቱ ክብደት የሚመዘነው ግን በመደበኛ ፍጥነት ነው። ለአንድ ቀይ ካርድ ይህን ያህል ጥንቃቄ ከተደረገ ለሰው ስም ሲሆን ለምን ይቀራል?

እርግጥ ምስል ማቆምና ማዘግየት ጥሩ ሥራም አለው። ጥይቱ ከየት እንደ መጣ፣ የመኪናው ታርጋ ምን እንደሚል ለማሳየት ሌላ መንገድ ላይኖር ይችላል። ቅሬታው ሳይናገሩ ማድረጉ ላይ ነው።

«ሕጉ የት አለ?» የሚል አይጠፋም። የጥላቻ ንግግርና ሐሰተኛ መረጃን የሚመለከተው አዋጅ ቁጥር 1185/2012 የሚነሣው መረጃው «ሐሰት» ከመሆኑ ነው። እነዚህ ሰዎች ደግሞ እያንዳንዷ ምስል እውነት ናት ብለው ይከራከራሉ። ያም ሆኖ ለፖሊስ ተጨማሪ ዱላ ማቀበል መፍትሔ አይደለም፤ ዱላው መጀመሪያ የሚያርፈው የመንግሥት ባለሥልጣንን ምስል በቅን ልቦና ባዘገየ ጋዜጠኛ ጀርባ ላይ ነው።

የሚጠየቀው ትንሽ ነው። ክሊፑ መጀመሪያ በመደበኛ ፍጥነቱ ይታይ። ሲዘገይ «ፍጥነቱ ቀንሷል»፣ ሲቆም «ምስሉ እዚህ ቆሟል» ተብሎ በሚነበብ ፊደል እዚያው ምስሉ ላይ ይጻፍ፤ መግለጫ ሥር ተደብቆ አይደለም። ዋናው ቪዲዮም ሊንኩ ይቀመጥ። «ምንም አልጨመርንም» የሚሉት ሰዎች ያልተነካውን ፋይል ኮምፒውተራቸው ላይ አስቀምጠውታል። ይልቀቁታ!