ከሽሮ ሜዳ እስከ ባሕር ማዶ፦ በኢንተርኔት የሚሸጥ ምርት ዝግጅትና ያልተፈቱ ጥያቄዎች

አነስተኛ አምራቾችን የኢንተርኔት ግብይት ተጠቃሚ ለማድረግ በሚካሄዱ ሥራዎች ብዙውን ጊዜ ቅድሚያ የሚሰጠው ድረ ገጽ ለመክፈት፣ ፎቶግራፍ ለማንሳትና ማስታወቂያ ለመልቀቅ ነው። ይሁንና አንድ አምራች በዚህ መንገድ ለመሸጥ ሲነሳ በመጀመሪያ ሊመልሰው የሚገባው ጥያቄ የት እንደሚሸጥ ሳይሆን ምን እንደሚሸጥ ነው። በሱቅ መደርደሪያ ላይ ጥሩ ገበያ ያለው ዕቃ ሁሉ ገዢው ሳይነካውና ሳይለካው ተከፍሎበት፣ በፖስታ ተጉዞ፣ አትራፊ ይሆናል ማለት አይደለም።

የሽመና ውጤቶችን ለአብነት መውሰድ ይቻላል። በአዲስ አበባ ሽሮ ሜዳ ገበያ የሚቀርበውን የሀበሻ ቀሚስ በሰሜን አሜሪካ፣ በአውሮፓና በባሕረ ሰላጤው አገሮች የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ለሠርግና ለበዓላት አጥብቀው ይፈልጉታል። ነገር ግን ቀሚስ ልክ አለው። ገዢዋ በዋሽንግተን ሆና የላከችው ልክ በጥቂት ሴንቲ ሜትር ቢዛነፍ ልብሱን አስመልሶ ማስተካከል ከዋጋው ጋር የሚቀራረብ ወጪ ያስከትላል። በአንጻሩ የአንገት ልብስ ልክ አይጠይቅም፤ ክብደቱ ጥቂት ነው፤ ታጥፎ በአነስተኛ ፖስታ ይገባል፤ ለስጦታም ይሆናል። ሁለቱም ከአንድ ሸማኔ እጅ የወጡ ሆነው ሳለ በኢንተርኔት ገበያ ላይ ፈጽሞ የተለያዩ ምርቶች ናቸው።

ሌላው ጉዳይ የምርት ወጥነት ነው። የባህላዊው ሸማ ስፋት የሚወሰነው ሸማኔው መወርወሪያውን ከአንዱ እጁ ወደ ሌላው በሚያቀባብልበት ርቀት በመሆኑ ሰፋ ያለ ልብስ ለማውጣት ማያያዝ ግድ ይላል። የእጅ ፈትል ውፍረትም ከፈታይ ፈታይ ይለያያል፤ የጥለቱ ክር ቀለም በአንድ ወር ከገበያ የተገኘውን ያህል በሚቀጥለው ላይገኝ ይችላል። እነዚህ ልዩነቶች በሽሮ ሜዳ እንደ ጉድለት አይቆጠሩም፤ ገዢው ዓይቶና ዳስሶ ይመርጣልና። በድረ ገጽ ላይ ግን ፎቶግራፉ ራሱ ውል ነው። የሃያኛው ገዢ ዕቃ ከፎቶግራፉ ካልተመሳሰለ ቅሬታው ለሚቀጥሉት ገዢዎች በግልጽ ተጽፎ ይነበባል።

ለዚህ ሁለት መውጫዎች ይታያሉ። አንደኛው ክሩን፣ ቀለሙንና ልኩን ወስኖ በበቂ መጠን አከማችቶ መሥራት ሲሆን፣ ይህ አምራቹ ከያዘው የሥራ ማስኬጃ ገንዘብ በላይ የሚጠይቅ ነው። ሁለተኛው እያንዳንዱን ልብስ አንድና ብቸኛ አድርጎ በየራሱ ፎቶግራፍና በትክክለኛ ልኩ ማቅረብ ነው። ለብዙዎቹ ሸማኔዎች የሚቀርበው ሁለተኛው ነው፤ ጊዜ ቢወስድም ዕዳ ውስጥ አያስገባም።

የአገር ውስጥ ተሞክሮም አለ። ወይዘሮ ቤተልሔም ጥላሁን በአዲስ አበባ ዘነበወርቅ አካባቢ ያቋቋሙት ሶልሬብልስ የተሰኘው የጫማ ድርጅት መነሻው ኅብረተሰቡ ለዘመናት ሲጫማው የኖረው በረባሶ ነው። ያገለገለ የመኪና ጎማ ለሶል፣ በእጅ የተሸመነ ጥጥ ለላይኛው ክፍል ውሏል። ድርጅቱ ምርቱን በራሱ ድረ ገጽና እንደ አማዞን ባሉ የኢንተርኔት መደብሮች ለውጭ ገዢዎች ያቀረበ ሲሆን፣ ቆይቶም ታይዋንን ጨምሮ በውጭ አገር ሱቆች እስከመክፈት ደርሷል። ከዚህ ተሞክሮ ሊወሰድ የሚገባው በረባሶን እንዳለ መሸጡ አይደለም። የጫማው ቁጥር በገዢው አገር መለኪያ ተስተካክሏል፤ ቅርጹ ለገዢው ልማድ ተሠርቷል፤ ጎማውና ሽመናው ግን የጫማው ታሪክ ሆነው ቀርተዋል። ታሪኩ የዋጋው አካል ነው ማለት ይቻላል።

በቡናም ተመሳሳይ ጥያቄ ይነሳል። ኢትዮጵያ በኅዳር 2012 ዓ.ም ከቻይናው አሊባባ ጋር የዓለም የኤሌክትሮኒክ ንግድ መድረክን ለማቋቋም መስማማቷ ይታወሳል። ሆኖም ጥሬ ቡና በኢንተርኔት ለሸማች ሲቀርብ ገዢው መቁላት ይጠበቅበታል፤ የተቆላ ቡና ደግሞ ከተቆላበት ዕለት ጀምሮ መዓዛውን እያጣ ይሄዳል። ስለሆነም የተቆላ ቡና ላኪው አየር የሚያስወጣ እንጂ የማያስገባ ከረጢት፣ የተቆላበትን ቀን የሚገልጽ ጽሑፍና ፈጣን ጭነት ያስፈልገዋል። ምግብ በመሆኑም የተቀባዩን አገር የምዝገባና የቅድሚያ ማስታወቂያ ደንብ ማሟላት ይኖርበታል።

ስምን ማስጠበቅ ከዚህ ተለይቶ አይታይም። ኢትዮጵያ ሲዳሞ፣ ይርጋጨፌና ሐረር የተሰኙትን የቡና ስሞች በአሜሪካ ለማስመዝገብ በ1997 ዓ.ም ማመልከቻ አቅርባ፣ ከተቃውሞና ከክርክር በኋላ በሰኔ 1999 ዓ.ም ከስታርባክስ ጋር ስምምነት ላይ መድረሷ የሚታወስ ነው። ለአንድ መንግሥት ያን ያህል ጊዜ የወሰደ ጉዳይ ለአንድ የሽመና ማኅበር ምን ያህል እንደሚከብድ መገመት አያዳግትም። በንግድ ምልክት ምዝገባና ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 501/1998 መሠረት በአገር ውስጥ የተመዘገበ ምልክት ጥበቃው በአገር ውስጥ ነው። በሌላ በኩል የጥለት ንድፍን በፋብሪካ ጨርቅ ላይ አትመው በርካሽ የሚያቀርቡ የውጭ አምራቾች ገበያውን ቀድመው ይዘዋል። ንድፉን በድረ ገጽ የሚለጥፍ ሸማኔ ለገዢ ብቻ ሳይሆን ለሚቀዳውም እያሳየ መሆኑን ሊያውቅ ይገባል።

የአሠራር ማዕቀፉ ካለፉት ዓመታት ጋር ሲነጻጸር ተሻሽሏል። የኤሌክትሮኒክ ፊርማ አዋጅ ቁጥር 1072/2010 እና የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቁጥር 1205/2012 ወጥተዋል፤ ቴሌብር ግንቦት 3 ቀን 2013 ዓ.ም ሥራ ጀምሯል። በመሆኑም በአገር ውስጥ ለሚሸጥ አምራች የክፍያ ችግር በእጅጉ ተቃሏል። በሐምሌ 2016 ዓ.ም የውጭ ምንዛሪ ሥርዓቱ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግም ላኪዎች ከሚያስገቡት ምንዛሪ 50 በመቶውን እንዲይዙ ተፈቅዷል። ቀደም ሲል በ2014 ዓ.ም በወጣው መመሪያ 70 በመቶው ለብሔራዊ ባንክ ገቢ ይደረግ የነበረ በመሆኑ ለውጡ ቀላል አይደለም።

ችግሩ ያለው በመጠን ላይ ነው። የወጪ ንግድ ሥርዓቱ የተቀረጸው በኮንቴይነርና በጆንያ ለሚለካ ጭነት ነው። ላኪው ከባንክ ፈቃድ ያወጣል፤ በሌተር ኦፍ ክሬዲት፣ በቅድሚያ ክፍያ ወይም በሰነድ ልውውጥ ይከፈለዋል፤ ጉምሩክ ዲክላራሲዮን ይሞላል። ለአምስት መቶ ጆንያ ቡና ይህ ተገቢ ነው። ለአንድ የአንገት ልብስ ግን የሰነዱ ጣጣ ከልብሱ ዋጋ ይበልጣል። ዓለም አቀፍ የኢንተርኔት ክፍያ ኩባንያዎች ለኢትዮጵያውያን ሻጮች ገንዘብ የመቀበል አገልግሎት ባለመስጠታቸውም በርካታ አምራቾች ለዓመታት የተጠቀሙት በውጭ በሚኖር ዘመድ ስም በተከፈተ የሂሳብ ቁጥር ነው። ዕቃው በመንገደኛ ሻንጣ ይወጣል፤ ገንዘቡ በሐዋላ ወይም በእጅ ይገባል። ሽያጩ ተፈጽሞ ሳለ በወጪ ንግድ መዝገብ ላይ አይገኝም፤ አምራቹም ከባንክ ብድር ለመጠየቅ የሚያቀርበው የሽያጭ ማስረጃ አይኖረውም። በአነስተኛ ጥቅል ለሚላክ ምርት የቀለለ ፈቃድና የጥቅል ዲክላራሲዮን የሚያስፈልገው ለዚህ ነው። ጉዳዩ ብሔራዊ ባንክን፣ ጉምሩክ ኮሚሽንን፣ የንግድ ሚኒስቴርንና የኢትዮጵያ ፖስታን በአንድነት የሚመለከት በመሆኑ አንዱ መሥሪያ ቤት ብቻውን የሚፈታው አይሆንም።

በተቀባዮቹ አገሮች የታየው ለውጥም ጊዜ የሚሰጥ አይደለም። የአውሮፓ ኅብረት ከ22 ዩሮ በታች የሆኑ ዕቃዎች ያገኙት የነበረውን ከተጨማሪ እሴት ታክስ ነፃ መብት በሰኔ 2013 ዓ.ም አንስቷል። አሜሪካ በበኩሏ ኢትዮጵያን በታኅሣሥ 2014 ዓ.ም ከአጎዋ ተጠቃሚነት ያስወጣች ሲሆን፣ ከ800 ዶላር ያልበለጡ ጥቅሎች ያለ ቀረጥ ይገቡበት የነበረውን አሠራርም ከነሐሴ 23 ቀን 2017 ዓ.ም ጀምሮ ለሁሉም አገሮች አቋርጣለች። በዚያን ወቅት 88 የፖስታ ተቋማት ወደ አሜሪካ የሚልኩትን ጭነት በሙሉ ወይም በከፊል እንዳቋረጡ ዓለም አቀፉ የፖስታ ኅብረት ገልጿል።

ይህም የሸማኔውን ስሌት ይለውጠዋል። የአንገት ልብሱ ቀረጥ ሊከፈልበት ስለሚችል ክሩ ጥጥ ይሁን ሰው ሠራሽ፣ የት እንደተሠራና ዋጋው ስንት እንደሆነ በጥቅሉ ላይ በትክክል መጻፍ አለበት። ቀረጡን ማን እንደሚከፍልም ገዢው ከማዘዙ በፊት በድረ ገጹ ላይ ሊነገረው ይገባል፤ ካልሆነ ዕቃውን ላለመረከብ ይችላል፤ ጥቅሉም በሻጩ ወጪ ወደ አዲስ አበባ ይመለሳል።