የምግብ ቤት በረንዳና የክረምቱ ወራት

በከተማችን ደቡብ፣ በንፋስ ስልክ ላፍቶ ክፍለ ከተማ፣ በሳሪስም ሆነ በጀሞ፣ በመካኒሳም ሆነ በለቡ፣ በመንገድ ዳር በረንዳ ያላቸው ምግብ ቤቶች በርክተዋል። ታኅሣሥ ሲገባ ብዙዎቹ የሚያጌጡት በላስቲክ የገና ዛፍ፣ በረዶ እንዲመስል በተበተነ ጥጥና ቀይ ካባ በለበሰ ሽማግሌ ሥዕል ነው። እንግዳው ግን በዚያው ሰዓት ፀሐይ አናቱን እየመታው ጥላ ይፈልጋል። የሰው አገር ክረምት በእኛ በጋ ላይ ተለጥፎ ሲታይ ዓይንን ቅር ከማሰኘቱም በላይ የነጋዴውን ገንዘብ ያለ ቦታው ያስወጣል።

እንደሚታወቀው የአዲስ አበባ ብርድ ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው ከሰኔ እስከ ጳጉሜን ያለው የዝናብ ብርድ ሲሆን ቀኑ ሁሉ እርጥብና ጨለማ ይሆናል። ሁለተኛው ከኅዳር እስከ ጥር የሚመጣው ደረቅ የሌሊት ቍር ነው፤ ይህኛው ቀኑን ትቶ ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ ያንዘፈዝፋል። ለደረቁ ወራት ቀን ጥላ፣ ማታ ቢጫ ብርሃንና ጋቢ ይበቃል። ልጆች የገና ዛፍ ይወዳሉ የሚሉ ባለቤቶችም እውነት አላቸው፤ ነገር ግን በማሰሮ የተተከለ የአገራችን ጽድ ሳይቆረጥ ከዓመት ዓመት ያገለግላል።

ዋናው ጉዳይ የዝናቡ ወራት ነው። ሦስት ወር ባዶውን የሚውል በረንዳ ኪራዩ አይቀነስለትም፤ ወንበሩም ተደራርቦ ሲቀመጥ አስቀድሞ የሚሰናበተው አስተናጋጁ ነው። ከዚህም የተነሣ አንዳንዶች በረንዳውን ዙሪያውን በላስቲክ ጋርደው በመካከሉ የከሰል ምድጃ ያኖራሉ። ይህን አጥብቀን እንቃወማለን። በተዘጋ ቦታ የሚነድ ከሰል ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል ቀለምም ሽታም የሌለው መርዝ ያወጣል፤ ከሰል አንድደው በራቸውን ዘግተው የተኙ ሰዎች ሳይነቁ የቀሩት በዚሁ ነው። ሸራው ነፋስ ዝናቡን በሚያመጣበት ወገን ብቻ ይውረድ፤ ሌላው ወገን ክፍት ይሁን። ጣራው ቆርቆሮ እንደ ሆነ ከሥሩ የቀርከሃ ኮርኒስ ቢሠራለት ድምፁ ይቀንሳልና እንግዶች ሳይጯጯሁ ይጫወታሉ። መብራቱም ሽቦውም ለውጭ የተሠራና ውኃ የማያስገባ ይሁን። ቀጠማ መጎዝጎዝ ለበዓል ያምራል፤ በረጠበ የሴራሚክ ወለል ላይ ግን ትሪ የያዘውን አስተናጋጅ ይጥላል።

በፈረንሳይ አገር እ.ኤ.አ. ከ2022 ጸደይ ጀምሮ የምግብ ቤቶችን የውጭ በረንዳ በማሞቂያ ማሞቅ በሕግ ተከልክሏል፤ ነፋሱን ማሞቅ ኃይል ማባከን ሆኖ ተገኝቷልና። እኛ ጋቢና ቡሉኮ ስላለን በዚህ የምንቸገርበት ምክንያት የለም። በየወንበሩ ላይ ታጥፎ የተቀመጠ ንጹሕ ጋቢ ሙቀትም ጌጥም ነው። አንድ እንግዳ የለበሰውን ሳያጥቡ ለሌላው መስጠት ግን ነውር ነው፤ ስለዚህ ከወንበሩ ቁጥር በላይ መግዛት ያስፈልጋል። ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ወዲህ የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ጀምሮ ብር ብዙ ስለ ወረደ፣ ከውጭ በሚመጣ ላስቲክና በሽሮ ሜዳ ሸማ መካከል ያለውን ሒሳብ እያንዳንዱ ባለቤት እንደ ገና ቢያስበው ይጠቀማል።

ክረምቱ የራሱ በዓል አለው። ነሐሴ 13 ቀን ቡሔ ነው፤ በግድግዳው ላይ የተሰቀለ ጅራፍ፣ በሰፌድ የቀረበ ሙልሙል፣ በደጅም ሆያ ሆዬ የሚሉ የሰፈር ልጆች ተጠርተው ቢገቡ፣ ከማናቸውም የተገዛ ጌጥ ይበልጣል። በአንጻሩ የላስቲክ ዐደይ አበባ በሐምሌ መስቀል አይገባም። ዐደይ የምትወደደው መስከረምን ጠብቃ ስለምትመጣ ነው፤ ቀድማ የታየች እንደ ሆነ በዕንቁጣጣሽ የሚገረምባት እንግዳ አይኖርም።

ሽማኔው በአንድ ሳምንት ሠላሳ ጋቢ ሊያደርስ አይችልም። ትእዛዙ ዝናብ ከጀመረ በኋላ በሰኔ ሳይሆን በሚያዝያ ይሰጥ፤ ቀብዱም አብሮ ይከፈል።