«ሥራዎ ምንድን ነው?»

አንባቢ ሆይ፤ መሥሪያ ቤትህ የመጠየቂያ ወረቀት አስይዞ ወደ እንጦጦ ላከህ እንበል። በየካ በኩል ሽቅብ ስትወጣ፣ ከ30 ኪሎ የማያንስ ጭራሮ በጀርባቸው ተሸክመው፣ መሬት መሬት እያዩ የሚወርዱ አንዲት እናት አገኘህ። «እናቴ፣ ሥራዎ ምንድን ነው?» ብትላቸው፣ «ምን ሥራ አለኝ ልጄ!» ብለውህ መንገዳቸውን ይቀጥላሉ። አንተም በሠንጠረዡ ላይ «ሥራ የላቸውም» ብለህ ትጽፋለህ።

እርሳቸው አልዋሹም፤ አንተም የሰማኸውን ጻፍህ። ሆኖም እውነቱ ከሁለታችሁም እጅ አመለጠ። በእርሳቸው አነጋገር ሥራ ማለት ቢሮና የወር ደመወዝ ነው፤ ጭራሮ መልቀም ኑሮ ነው እንጂ ሥራ አይባልም። ከዚህም ሌላ፣ ወረቀት የያዘ ሰው በዚያ ጫካ ውስጥ የደን ጠባቂ ይመስላል። ድንጋይ ሲመዘን መዛኙን አይፈራም፤ ሰው ግን ጠያቂውን አይቶ ይመልሳል።

ይህ ጣጣ የአንተ ብቻ አይደለም፤ የማኅበራዊ ኑሮ ሊቃውንት ሲከራከሩበት የኖሩት ነው። ፈረንሳዊው ኤሚል ዱርኬም እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1895 ስለ ጥናት ዘዴ ባሳተመው መጽሐፍ፣ ማኅበራዊ ነገሮችን ልክ እንደ ቁስ ከውጭ እንመርምር አለ። ጀርመናዊው ማክስ ዌበር ደግሞ፣ አድራጊው ራሱ ለአድራጎቱ የሚሰጠውን ትርጉም ሳንረዳ አወቅን አንልም ባይ ነበር። ተማሪ አብዛኛውን ጊዜ አንዱን ይዞ ሌላውን ይንቃል፤ ለፈተና ይመች ይሆናል።

በአገራችንም በ1940ዎቹ ዓ.ም. የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ተማሪዎች የሕዝብ ባህል የሚያጠና ማኅበር ነበራቸው፤ ከየአገራቸው የሰበሰቡትንም ልማድ በመጽሔት ያወጡ ነበር። ቋንቋ ማወቃቸው ትልቅ ሀብት ነው። ነገር ግን የገዛ አገሩን የሚያጠና ሰው ሁሉን የሚያውቀው ስለሚመስለው ሳይጠይቅ የሚያልፈው ይበዛል። የውጭ አገር ሰው ቢሆን «ሥራ» ማለት ምን ማለት እንደ ሆነ በጠየቀ ነበር፤ አንተ ግን አማርኛ ታውቃለህና አለፍኸው።

ነገሩ የቃላት ጨዋታ እንዳይመስልህ። በ2013 ዓ.ም. የእንጦጦ ፓርክ ተከፍቷል፤ ስለ ተራራውና ስለ ደኑ ገና ብዙ ዕቅድ ይወጣል። ዕቅድ አውጪው የሚያየው ያንተን ሠንጠረዥ ነው እንጂ እናቲቱን አይደለም። በዚያ ላይ «ሥራ የላቸውም» ከተባለ፣ ደኑ ቢዘጋባቸው ምን እንደሚያጡ የሚጠይቅ አይኖርም።

እንግዲህ ወረቀቱን ኪስህ ክተትና፣ ሸክማቸውን አውርደው ትንፋሽ በሚሰበስቡበት ሥፍራ አጠገባቸው ተቀምጠህ፣ «ትናንት ከንጋት ጀምሮ የት የት ዋሉ?» በላቸው። በስንት ሰዓት ከቤት እንደ ወጡ፣ ሸክሙ የት እንደ ተሸጠ፣ በገንዘቡም ምን እንደ ተሸመተ ይነግሩሃል። መቁጠሩ ከዚያ በኋላ ይደርሳል።